ከጎማ ላይ የወረደ መስታወት

አባዬ ናይሮቢ ለመሄድ የተስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጎማዋ ክዳን ውስጥ የራሱን ፊት ማየት ካቃተው።

ክዳኗ ዕድሜውን ሙሉ ከነዳው የከብት መኪና የቀረችው ብቸኛ ዕቃ ናት፤ የጎማውን መሐል የምትሸፍን፣ ቀለም ነክቷት የማያውቅ ክብ አሉሚኒየም። የማርሳቢት መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት የመኪናው መስታወት በየጉዞው እየተንቀጠቀጠ ይረግፍ ነበር። ስለዚህ አባዬ ክዳኗን ፊት እስክታሳይ ይወለውላትና፣ ከኡራን ወይም ከቦሪ መንደር ከብት ጭኖ ሲወርድ ባደረበት ሁሉ ጎማው ፊት ቁጢጥ ብሎ ጢሙን ይላጭባት ነበር። መኪናውን ሲሸጥ እሷን ፈትቶ አስቀረ። ከዚያ ጓሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ፣ ዝናብና አቧራ ሲፈራረቁባት እንደ አሮጌ ድስት ክዳን ግራጫ ሆነች።

ለሕክምና ዘመቻ እኛ ወዳለንባት ወደ ኬንያዋ ሞያሌ የመጣው የዓይን ሐኪም ነገሩን አልሸፋፈነም። ስኳሩ የአባዬን ዓይን ከውስጥ እየጎዳው ነው፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ናይሮቢ ሄዶ በጨረር መታከም ሊያተርፈው ይችላል፤ ከዘገየ እሱም ይሄዳል። ቀጠሮም ያዘልን።

«ገለታም ሐኪም ቤት የሄደው መንገዱን እያየ ነበር» አለ አባዬ። «ሲመለስ በልጁ እጅ ተመርቶ ከአውቶቡስ ወረደ።»

ጓደኛው ገለታ የሄደው ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደነበር ነገርኩት። አልሰማኝም። እኔ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ መከራከር አልችልበትም፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁም የማውቀውን መልስ ይዤ ዝም የምል ነበርኩ። ምሳውን እያቀረብኩለት ከጎኑ ዝም ብዬ እቀመጥ ጀመር። ዝምታዬ ሳይከብደው አልቀረም።

«መቅዲ፣ ያቺን ክዳን አውርጃት» አለኝ በመጨረሻ። «እሷ ውስጥ ራሴን ካጣሁት እሄዳለሁ። ካየሁት ግን ሁለተኛ የናይሮቢን ስም አታነሺብኝም።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«ቦርቶ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ያ ክፍሌ» አለ ቦርቶ። ቦርቶ የመኪናው ረዳት የነበረ የቦረና ሰው ነው፤ አባዬን ሲጠራ እንደ አገሩ ልማድ ከስሙ በፊት «ያ» ይላል፤ አማርኛን የተማረው አባዬ ሲሰድበው ነው ይባላል። «ያን ፊት ለማየት ይህን ያህል የጓጓ ሰው ግን አላየሁም።»

መጀመሪያ በሳሙናና በአመድ ፈትጌ አቀረብኩለት። አባዬ ወደ ብርሃኑ አዞራትና «ዓይኔ አይደለም፣ እሷ ናት የደበዘዘችው» አለ። እውነቱን ነበር፤ እኔም ራሴን ያየሁት እንደ ጥላ ነው። ያን ጊዜ ሥራዬ ገባኝ። ሰበብ የሚሆን አንዲት ጭረት እስከማይቀር ድረስ ማጥራት ነበረብኝ።

እንዴት እንደሚሠራ ያሳየኝ እሱ ራሱ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን በሳሙና ውኃ እያረጠብኩ በአንድ አቅጣጫ ማሸት፤ ቀጥሎ በላመው ወረቀት አቅጣጫ ቀይሮ፣ የፊተኛው ጭረት እስኪጠፋ መሄድ፤ ከዚያ ደግሞ ከዚያ በላመው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ያዳምጣል።

«ገና ይጮኻል። ውኃ ጨምሪ።»

ጣቶቼ ተላላጡ። ሰፈራችን ሄሉ ያሉት ሱቆች ውስጥ ከሁሉ የላመው ወረቀት ስለሌለ ድንበሩን ተሻግሬ ከኢትዮጵያ በኩል ገዛሁ። አለቀ ብዬ በሰጠሁት ቁጥር አባዬ የአውራ ጣቱን ጥፍር ክዳኗ ላይ ቀስ አድርጎ ይነዳና አንድ ቦታ ላይ ያቆመዋል።

«እዚህ ጋ ጭረት አለ።»

ወደ ፀሐይ አዙሬ ስፈልግ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት በእርግጥም አለች።

«ይኸው! አንቺ በልጅ ዓይንሽ ያላየሽውን እኔ አየሁት» ይላል። በጣቱ ያገኘውን ሁሉ በዓይኑ እንዳየው ይቆጥረው ነበር። እንግዲህ እኔ ባጠራኋት መጠን እሱ በዓይኑ ይበልጥ ይተማመናል። ሻዩን ግን ከስኒው ውጭ መቅዳት ጀምሯል። ከፊት ያለችውን ክፍል ተከራይታ ፀጉር የምትሠራውን ሜርሲን ካልተናገረች አይለያትም።

የናይሮቢው አውቶቡስ የሚነሣበት ቀን ደረሰ። ለማንኛውም ብዬ ሻንጣውን አሰናድቼ በር ላይ አቆምኩት። ክዳኗንም በማወልወያ ቅባት የመጨረሻ አሸኋት። ጨርቄ ጥላሸት መሰለ፤ ከሥሩ ግን ሰማዩ ወጣ። ሜርሲ ልታይ መጥታ ጎንበስ አለችና ሹሩባዋን አስተካከለች።

«ወይ ማማ! ይሄማ ከእኔ ሳሎን መስታወት ይበልጣል። ምዜ፣ ሽጥልኝ!» አለች አባዬን፣ በስዋሂሊ «ሽማግሌው» ብላ።

«አንቺ ፀጉር ልትሠሪበት ነው፣ እኔ ሊፈረድብኝ ነው» አለ አባዬ። «ሂጂ፣ የአውቶቡሱን ሹፌር ትንሽ አቆዪልኝ።» ሜርሲ ሻንጣውን አንሥታ ወጣች።

«የመጨረሻውን እኔ ነኝ የምወለውለው» አለና እጁን ዘረጋ። ዱሮም የመጨረሻውን ለማንም አይሰጥም ነበር። ክዳኗን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በዚያው በጠቆረው ጨርቅ ጠርዟን ዞረ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ላቡ ወረደ። ጨርቁን እንደያዘ በእጁ ግንባሩን ጠረገ። ከግንባሩ ጀምሮ እስከ አፍንጫው ጥግ ወፍራም ጥቁር መስመር ተሠመረ።

ቦርቶ ሊሥቅ አፉን ከፈተ።

አባዬ ግን በዚያው ቅጽበት ክዳኗን በሁለት እጁ አንሥቶ ከፊቱ ትይዩ ያዛት። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። አባዬ ከነመስመሩ፣ ከነሽበቱ፣ በአገጩ ላይ ካለችው ጠባሳ ጋር፣ እንደ ፎቶግራፍ ውስጧ ተቀምጧል። ከትከሻው በላይ የእኔ ፊት አለ።   ለረጅም ጊዜ አየ፤ አቀረባት፣ አራቃት።

«አየሁት» አለ።



«ምን አየህ፣ አባዬ?»

«ክፍሌን ነዋ! አርጅቷል እንጂ ንጹሕ ሰው ነው። እንደ ሙሽራ ጸድቶ ተቀምጧል።» ሣቀ። «ቦርቶ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ቦርቶ አፉን ገጠመ። ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ወደ መሬት። «ያየኸው አንተ ነህ፣ ያ ክፍሌ» አለ።

«እንግዲህ መቅዲ፣ ቃል ቃል ነው።»

ክዳኗን ብብቱ ውስጥ ይዞ ተነሣና ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ምስማሩን አገኘ። ሰቀላት። ከዚያ ባርኔጣውን ጠየቀኝ፤ ከቦርቶ ጋር ገበያ ወርዶ ሊቀመጥ ነው። ከነጥቁር መስመሩ፣ እንዲህ ሆኖ ሊወጣ ነው። ቦርቶ በዓይኑ ለመነኝ።

«አባዬ፣ ቆይ።»

የሻሼን ጫፍ በውኃ ነክሬ ፊቱ ቆምኩ። «ላብ ነው» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ሕፃን ሳለሁ እሱ ፊቴን ሲያጥበኝ እንደምቆመው ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። መስመሩ በአንድ ጊዜ አልለቅ ስላለ ደጋግሜ ማሸት ነበረብኝ። ላብ ለመጥረግ ከሚበቃው በላይ ቆየሁ። ሻሼ ጠቆረ።

«ላብ ብቻ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ቦርቶ ጀርባውን ሰጠን።

«ላብ ብቻ ነው።»

ከመንገዱ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ፤ የሜርሲ ድምፅ ተከተለው። «መቅዲ! ሰውዬው አልጠብቅም እያለ ነው። ሻንጣውን ላስጭነው?»

አባዬ ዓይኑን ገልጦ፣ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ፣ መልሴን ለመስማት ወደ እኔ ዞረ። ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ማንም ወዳልቆመበት። አንድ ነገር እንድለው የሚጠብቅ መሰለኝ። እኔም እሱ አንድ ነገር እንዲል ጠበቅሁ።

ጥሩንባው ተደገመ።

«ሻንጣውን መልሺው» አልኩ። ሜርሲ አልሰማችኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና ማለት ነበረብኝ።