ሁለት ጊዜ የተጠየቁ

ኪዳነ ሮም ውስጥ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ የአንድ ሕንፃ ፖርቲየሬ ሆኖ በር ሲጠብቅ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ማሊያ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ካሉት ከቶከላው ደሴቶች የመጣች ናት። አንድ ጠዋት አገሯ እስካሁን በኒውዚላንድ ሥር መሆኗን ስትነግረው፣ "ራሳችሁን እንድትችሉ ጠይቀዋችሁ አያውቁም?" አላት።

"ሁለት ጊዜ ጠይቀውናል። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ በሁለተኛው አሥራ ስድስት ጎደለን። አባቴ አልደገፈም፣ አጎቴ ደገፈ።"

"አሎራ፣ ታዲያ ተጣሉ?"

"ለምን ይጣላሉ? በማግስቱ አብረው ዓሣ ሊያጠምዱ ወጡ። ወደፊት ደግሞ እንጠየቅ ይሆናል።"

ኪዳነን ቅናት ያዘው። እሱም በሰማንያ አምስት እዚሁ ሮም ለኤርትራ ነፃነት ድምፁን ሰጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ምንም ጠይቆት አያውቅም። ወንድሙ ተስፋልደት እንኳ "መንግሥትን ነቀፍክ" ብሎ ካኮረፈው አሥር ዓመቱ ነው።

"ነፃነት ቢሰጧችሁ የማታውቁበት ሰዎች ናችሁ" አላት።

ማሊያ ደረጃውን ወጣች።

በማግስቱ ስትወርድ ጠብቆ፣ "ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ያናገረኝ ቅናት ነው" አላት።

"ምናችን ያስቀናል?"

"አንፈልግም ብላችሁም፣ ተመልሰው የሚጠይቋችሁ መሆኑ። እኔን ለኤርትራ ነፃነት አንድ ጊዜ ድምፄን ጠይቀውኝ በዚያው ቀሩ።"

ማሊያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "እርስዎ የመረጡበት ቀን እንዴት ነበር?" አለችው።

ኪዳነም ሚስቱ ኣኽበረት የሠርጓን ነጠላ ለብሳ እንዴት እንደተሰለፈች ይነግራት ጀመር።