የሚበቃ አየር

አባቷ ዳግመኛ ሆስፒታል እንደማይገባ ምሏል፤ ሚስቱ የሞተችው እዚያ ነው። እሷም አላስገድድህም ብላ ቃል ገብታለታለች። ስለዚህ ዛሬ አልጋው አጠገብ የቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ሌላ የሚያመጣው ሰውዬ እስኪደርስ መብቃት ነበረበት። ሰውዬው "ዘጠኝ ሰዓት" ብሏል። የእሱ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

ሌላው ሰው ሲጨንቀው ጥፍሩን ይበላል፤ እሷ የሂሳብ አስተማሪ ናትና ጠመኔ ታነሳለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሲሊንደሩ መርፌ መቶ ሃያን ያሳይ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ላይ መቶ አምስትን። ሰዓቱን ከጠዋቱ ሁለት ጀምራ እየቆጠረች እዚያው ብረቱ ላይ ጻፈች፦

ቀሪ = 120 − 15 × ሰዓት

እስከ አስር ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። አላመነችውም። ከሥሩ ደገመች፦

15 × ሰዓት + ቀሪ = 120

የሄደውና የቀረው ሲደመር ያው መቶ ሃያ። ለተማሪዎቿ "መስመሩ ያው ነው፣ ልብስ ቀየረ እንጂ" ትላቸዋለች። ዛሬ ልብሱን ብትለዋውጠውም ከአስር ሰዓት ንቅንቅ አላለም። ሰውዬውን ደውላ እንዳይዘገይ ለመነችው። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ኩሽና ገባች፣ ለምን እንደገባች ጠፍቷት ወጣች፣ ደግማ ገባች።

"መምህሯ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ!" አላት አባቷ። ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና የነዳ፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው።

"አንተ ዝም ብለህ ተንፍስ።"

ስድስት ሰዓት ላይ መርፌው ስልሳ መድረስ ሲገባው ዘጠና ላይ ነበር። ዓይኗን አሽታ ደግማ አየች። ዘጠና። የጠዋቱን መነሻ ተወችና ካለችበት ነጥብ ተነስታ አዲስ ጻፈች፦

ቀሪ − 90 = −5 × (ሰዓት − 4)

በሰዓት አምስት ብቻ! በዚህ አያያዝ ሌሊቱንም ያነጋል። ደስታው ራሷ ላይ ወጣ። ለሰውዬው ደወለችና፣ ጠዋት ስትለማመጠው እንዳልነበር፣ "ችግር የለም፣ ሌሎቹን አስቀድም" አለችው።

"እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ! እንግዲያው ከከተማ ውጭ ያለውን ላድርስና ማታ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ።"

የምሥራቹን ለአባቷ ልትነግረው ዞር ስትል እጁን አየች። ጣቶቹ የሲሊንደሩ መክፈቻ ላይ ነበሩ። ጥፍሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል።

"አባዬ! ምን እያደረግክ ነው?"

"ሰውዬውን ስትለምኚው ሰማሁሽ" አለ፣ በየቃሉ መሀል እያረፈ። "እኛ ሾፌሮች... ቁልቁለት ስናገኝ ሞተር አጥፍተን ነው የምንወርደው። ነዳጅ ይተርፋል። ኩሽና በገባሽ ቁጥር... ትንሽ ትንሽ ዘጋሁት።"

መክፈቻውን ሐኪሙ ወዳዘዘው ልክ መለሰችው። ዘጠና ለአሥራ አምስት፤ ለዚህ ጠመኔ አላስፈለጋትም። ሲመሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ሰውዬው ሁለት ሰዓት ነው የሚመጣው። ደወለች። ስልኩ አይሠራም። ደጋግማ ሞከረች፤ በሰውዬውም በአባቷም ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሷ።

"ቀነስ ብናደርገው እኮ ይበቃል" አለ አባቷ።

"የቀነስከው ኦክስጅኑን አይደለም፣ ራስህን ነው!" አለችው። "ቃሌን አፈርሳለሁ፣ አባዬ። ከፈለግክ ጥላኝ። ሆስፒታል እንሄዳለን።"

በመስኮቱ ጎረቤቷን ጠርታ መኪናውን እንዲያስነሳ ነገረችው። አባቷ ወደ እሷ ዞረ።

"ከጠዋት ጀምሮ መርፌውን ስታዪ ዋልሽ" አላት። "እኔን ገና አሁን አየሽኝ።"

ኮቱን ይዛ ጠጋ አለች፤ እሱም አንድ እጁን ወደ እጅጌው ሰደደ።