የፈተና መግቢያ ወረቀቷ

ምን ነክቶኝ ይሆን ያን ቀን እጄን ወደ ጠረጴዛዋ የሰደድኩት? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

የልጅ ልጄ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ገበያ የተፈታበት ሜዳ ይመስላል። ደብተር በላይ በላዩ፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ፣ የትናንት የሻይ ብርጭቆ። "ፕሮፌሰር፣ አንድ ቀን አንቺም እዚህ ውስጥ ትጠፊያለሽ" ስላት፣ "እምዬ ሙች፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምፈልገውን አነሳለሁ" ትለኛለች። እውነቷን ነበር። የመጨረሻ ዓመት ፈተና መግቢያ ወረቀቷን እንኳ በልብስ መቆንጠጫ የመብራቱ አንገት ላይ ቆንጥጣው ነበር።

የእኔ ልብ ግን አላርፍ አለ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ነፋስ ቢወስደውስ? ሻይ ቢፈስበትስ? ያለ እሱ አያስገቡም ብላኛለች፤ ፈተናው ካመለጠ ደግሞ ዓመት መጠበቅ ነው።

በዋዜማው እሷ ለጥናት ስትወጣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ደብተሮቹን በየቁመታቸው ደረደርኩ፣ ወረቀቷንም ደህና ቦታ አስቀመጥኩላት። እኔ ደህና ቦታ ያስቀመጥኩት ነገር ደግሞ በጊዜው ተገኝቶ አያውቅም። ስትመለስ ደክሟት ስለነበር ጠረጴዛው ጋ ሳትደርስ ተኛች።

ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ "እምዬ፣ ወረቀቴስ?" አለችኝ።

"አስቀምጬልሻለሁ።"

"የት?"

የቁም ሳጥኑን መሳቢያ መጎርጎር ጀመርኩ።

"እስቲ አትቁሚብኝ፤ ስትቆሚብኝ ይብስ ይጠፋብኛል።"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ እኮ! በሩ በሦስት ይዘጋል!"

ቁም ሳጥኑን ገለበጥን፤ ፍራሹን አነሳን። "ይኸው!" ብዬ ያወጣሁት የራሴ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ሆነ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር።

አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል ትዝ አለኝ። የብስኩት ቆርቆሮዬ! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የውጤት ካርዶቿን የማኖርበት። ውድ ነገር የማስቀምጥበት ሌላ ቦታ ኖሮኝ አያውቅም። ስከፍተው ወረቀቷ ከካርዶቹ ላይ ተቀምጧል፤ እጥፋት እንኳ አልነካውም።

"ሩጪ የኔ እናት፣ ምናልባት ለምነሽ..."

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ወረቀቱን ተቀበለችኝና ወደ መብራቱ ሄደች። መቆንጠጫውንም ትናንት እኔው ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ መልሼው ነበር። ከደረደርኳቸው ደብተሮች ላይ አኖረችው፤ ጠርዙን ከጠርዛቸው አስተካከለች፣ ልክ እኔ እንደምወደው።

ከዚያ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ከፍታ ወጣች።