ነጠላ የተሰቀለበት ሰው

የትነበርሽ ፒያሳ ላይ ነጠላና የባህል ቀሚስ ትሸጣለች። ከሱቋ በር ላይ፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር፣ አንድ የእንጨት ሰው ቆሟል። ሟች ባለቤቷ አስናቀው አዲስ አበባ ሄዶ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝቶ ያመጣው ነው። ጥርሶቹ የአጥንት ናቸው፤ ግንባሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ወጥቶለታል። ቀንዱ ለመስቀያ ይመቻል። የትነበርሽ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት አዳዲሶቹን ነጠላዎች እሱ ላይ ታንጠለጥላለች። አላፊ አግዳሚው ይስቃል፤ ጎብኚው አብሮት ፎቶ ይነሣል። እሷም “ገበያ ጠሪዬ” ትለዋለች።

በምረቃው ሰሞን በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የሚማር አንድ ቀጭን ልጅ ለእናቱ ነጠላ ሊገዛ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ ሰላም እንኳ ሳይላት ነጠላዎቹን ከእንጨቱ ላይ እያነሣ ክንዱ ላይ ይደርብ ጀመር።

“አንተ! ምን ታደርጋለህ?”

ልጁ የሰማትም አይመስል። በመዳፉ የእንጨቱን ፊት ይጠርጋል።

“ሌባ! ኧረ ያዙልኝ!”

የባጃጅ ሹፌሮች ሮጠው መጡ። አንዱ አንገትጌውን ጨምድዶ በጥፊ መታው። ነጠላዎቹ መሬት ላይ ተበተኑ።

“ምነው እናንተ፣ ልቀቁትና ይናገር እንጂ!” አለ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ሙሉሰው።

ልጁ ከንፈሩ እየደማ፣ “አልሰረቅሁም” አለ። “ስሜ ኩሲያ ነው፤ የኮንሶ ልጅ ነኝ። ይሄ ዋካ ይባላል። እኛ አገር ጀግና ሲሞት ምስሉ ተጠርቦ ለመታሰቢያው ይቆምለታል። የአያቴም ቆሞ ነበር፤ ሌቦች ነቅለው ወሰዱት።”

“ታዲያ ይሄ ያያትህ ነው?” አለች የትነበርሽ።

“እንጃ። የአንድ ሰው አያት ግን ነው።”

“እኔ ምን ላድርግ? ተገዝቶ የመጣ ዕቃ ነው” አለች።

ኩሲያ የወደቁትን ነጠላዎች አንሥቶ፣ አራግፎ፣ አጥፎ ባንኮኒዋ ላይ አስቀመጠላትና ሳይገዛ ወጣ።

የትነበርሽ ሱቋን በጊዜ ዘጋች። የአስናቀው መቃብር ድንጋይ ላይ ፎቶግራፉ ተለጥፏል። አንዱ ያንን ነቅሎ፣ ወደማታውቀው ከተማ ወስዶ ልብስ ሲያሰጣበት ታያት። ፊቷ ጋለ።

በእሑዱ የእንጨቱን ሰው በአስናቀው ጋቢ ጠቅልላ፣ በሙሉሰው አጋዥነት ባጃጅ ላይ አስጫነችው። ማራኪ ግቢ በር ላይ ኩሲያን አስጠራችና ገና ብቅ ሲል እግሩ ላይ ልትወድቅ አጎነበሰች።

“ኧረ እናቴ፣ ይተዉ!” ብሎ ቀና አደረጋት። የከንፈሩ እብጠት ገና አልጎደለም። ጋቢውን ገልጦ አየና አባቱ ጋ ደወለ። ጥቂት በቋንቋቸው ካወሩ በኋላ ስልኩን ሰጣት።

“አንቺ ነሽ ያኖርሽው?” አሉ ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ። “ዝናብ ይመታው ነበር?”

“የለም አባቴ፣ ጣሪያ ሥር ነው።”

“እግዜር ይስጥሽ! ሌላ እጅ ቢገባ ባሕር ይሻገር ነበር። አንቺ አክብረሽ አኖርሽልን።”

የትነበርሽ ኩሲያን አየችው። እሱ ወደ መሬት ያያል። ለአባቱ ስለ ነጠላውም ስለ ጥፊውም እንዳልነገራቸው ገባት።

“አላከበርኩትም፣ አባቴ” አለች። “የልብስ መስቀያ አድርጌው ነው የኖርሁት። ልጅዎንም ሌባ ብዬ አስመትቼዋለሁ።”

“ዋካው ወደ አገሩ ይምጣ ብቻ” አሉ ሽማግሌውና ስልኩን ዘጉት።

ኩሲያ ተመርቆ አገሩ ሲገባ የእንጨቱን ሰው ይዞት ሄደ። በክረምቱ ደወለላት። ያያቱ አልነበረም። ሽማግሌዎች በየመንደሩ ጠይቀው ባለቤቶቹን አግኝተዋል፤ የሟቹ ልጅ በሕይወት ያሉ አሮጊት ናቸው። ምስሉን አቅፈው ሲያለቅሱ ዋሉ አላት።

“‘የመለሰችውን ሴት ስሟን ንገረኝ፣ ልመርቃት’ እያሉ ነው። ስልኩን ልስጣቸው?”

“ተው ልጄ” አለች የትነበርሽ። “ስሜንም አትንገራቸው።”