ሲታጠብ የተኮማተረው ኪልት

በየካቲት ወር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር፣ በሼፈርድስ ቡሽ በሚገኝ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሥራውን ፈጽሞ ቆመ።

ኤልፍነሽ በሩን ከፍታ እጇን ሰደደች። ያወጣችው ግን ያስገባችውን አልነበረም።

ያስገባችው ኪልት ነበር፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ እርስ በርሱ ተጋጥሞ፣ መሐሉ ጥጥ ተነጥፎበት በእጅ የሚሰፋው የእንግሊዞች ብርድ ልብስ። ላይብረሪ ውስጥ በሚሰጠው የማክሰኞ ኮርስ ተምራ፣ ለመጀመሪያ የልጅ ልጇ ለሳዶቅ ብላ የብርዱን ወራት ሙሉ ስትሰፋው ከርማለች። አንዱን ካሬ ከገበያ ከገዛችው ጨርቅ፣ ቀጣዩን ደግሞ እህቷ ከአገር ቤት ከላከችላት አዲስ ጋቢ እየቆረጠች፣ የዳማ ሰሌዳ አስመስላ ነው የገጣጠመችው። የቀራት ለስፌቱ መምሪያ ያሰመረችውን የጠመኔ መስመር በውሃ ማስለቀቅ ብቻ ነበር።

አዲስ ጋቢ ውሃ ሲነካው እንደሚኮማተር እናቷም ያውቁ ነበር፣ ሰፈሩም ያውቅ ነበር፣ እሷም ታውቃለች። የምታውቀው ግን ጋቢ ሆኖ ሳለ ነው። ተቆራርጦ ኪልት ሲሆን እንግሊዛዊ የሆነ መስሏት ነበር።

ጋቢው ተሰብስቦ የገበያውን ጨርቅ ከአራቱም ጎን ጎትቶታል። የገበያው ጨርቅ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተነፍቷል። ጠቅላላ ነገሩ የእንቁላል ካርቶን መስሏል።

«ስምዖን! ና እስቲ ያዝልኝ!»

ባሏ መጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘ። እሱ ወደ ሳሎን፣ እሷ ወደ ኩሽና ጎተቱ።

«ተዘረጋ?»

«እኔ ተዘርግቻለሁ» አለ ስምዖን።

በካውያ ተኮሰችው፤ ካውያው ሲነሳ ጉብታውም አብሮ ተነሳ። ፍራሽ ሥር ከተተችና ስምዖንን አስቀመጠችበት። ስምዖን እግር ኳሱ እስኪያልቅ ድረስ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ። ቡድኑ ተሸነፈ፤ ኪልቱ አልተሸነፈም።

ለልጇ ለቢታንያ ፎቶ ላከችላት። ቢታንያ ወዲያው ደወለች።

«ማሚ፣ ኢትስ ፋይን፣ ምንም አልሆነም! እንዲያውም ቪንቴጅ ይመስላል።»

«ቪንቴጅ ደግሞ ምንድነው?»

«አዲስ ሆኖ አሮጌ የሚመስል ነገር። ሰው እኮ ፈልጎ ነው የሚገዛው።»

«እንግዲያው አሮጌ የሚፈልግ ሰው ይምጣና ይውሰደው!» ብላ ዘጋችው።

ጭንቋ ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገ ሳዶቅ ቤተ ክርስቲያን የሚባረክበት ቀን ነው። የቢታንያ ባል የሔኖክ እናት፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ ከዱባይ ያስመጡትን ነጭ የሳቲን ብርድ ልብስ ይዘው ይመጣሉ። በሁለቱ አያቶች መካከል ውድድር የሚባል ነገር የለም። ይህንንም በተደዋወሉ ቁጥር ይነጋገራሉ። «እኛ ደግሞ ምን ውድድር አለን!» ይላሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን። «ኧረ ምን ውድድር!» ትላለች ኤልፍነሽ። ከዚያ ልጁ ማንን እንደሚመስል ይነሳል። የማይነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ የሚባረከው የማንኛቸውን ለብሶ ነው? ኤልፍነሽ ከዚህ ሌላ የምታስበው ነገር አልነበራትም።

«ተይው በቃ» አላት ስምዖን ከፍራሹ ላይ ሲነሳ። «ከሱቅ አንዱን ግዢና ተገላገይ።»

ኪልቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ስፌት ስፌቱን ዳበሰችው። እንደዚያ ተጎትቶ፣ ተተኩሶ፣ ሰው ተቀምጦበት፣ አንዲት ክር አልተበጠሰችም። ጠመኔውም ለቋል።

«ይዤው እሄዳለሁ» አለች። «ምነው ያለኝ ካለ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

ቤተ ክርስቲያኑ ምእመናኑ ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ የተከራዩት አዳራሽ ነው። ማሞቂያው በባለቤቶቹ እጅ ነው፤ ባለቤቶቹ ደግሞ እሑድ ቀን ሰው ይበርደዋል ብለው አያምኑም። በማግስቱ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ሳዶቅን በሳቲኑ ጠቅልለው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኤልፍነሽ ኪልቱን ከከረጢት አውጥታ ከጎናቸው ዘረጋችው።

«እሰይ፣ እጅዎ ይባረክ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን። ጣታቸውን አንዱ ጉብታ ላይ አሳረፉ። «ምነው፣ ትንሽ ተነፋፋሳ?»

«እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«አውቃለሁ እንጂ! አክስቴ እኮ እንዲህ ያለውን ነበር የሚሠሩት።»

«የት?»

«ደሴ።»

ደሴ ውስጥ ኪልት የሚሰፋ ሰው መኖሩን ኤልፍነሽ ሰምታ አታውቅም። ሆኖም የተገኘ ምስክር አይገፋም ብላ ወሬውን ወደ ሳቲኑ መለሰች።

«የእርስዎስ ቢሆን!» አለች። «እንዴት ያብለጨልጫል! ያንሸራትታል እንጂ።»

«ጥሩ ነገር መቼም ያንሸራትታል።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች ሁለቱም እኩል ያምራሉ ብለው በየተራ መሰከሩ። ከዚያ በኋላ ዐይኑን ከፊት ወንበር ያነሳ አልነበረም።

ፓስተር ክብሮም ቤተሰቡን ወደ መድረክ ጠሩ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ልጁን በሳቲኑ እንደታቀፉ ወጡ። ኤልፍነሽ ኪልቱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለች፤ ለምን እንደያዘችው የጠየቃት የለም።

«ሁላችንም ዐይናችንን ጨፍነን እንጸልይ» አሉ ፓስተሩ።

አዳራሹ ጨፈነ። የፓስተር ክብሮም ጸሎት ከልጁ ይነሳና ወደ ወላጆቹ፣ ከወላጆቹ ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ወደ እንግሊዝ መንግሥት ይዘልቃል። ሰፈሩ ላይ ሲደርሱ ሳዶቅ ተራገጠ። ሳቲኑ ከትከሻው ተንሸራተተ፤ ወይዘሮ ጥሩብርሃን መለሱት። እንደገና ተንሸራተተ፤ መለሱት። በመጨረሻ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። የልጁ ባዶ እግር ብርዱ ላይ ቀረ፤ ለቅሶውም ማይክሮፎኑን በለጠው።

ኤልፍነሽ ዐይኗን ጨፍናለች፤ ማለትም አንዱን። ኪልቱን ልታቀብል እጇ ተነሳ፤ ግን መልሳ አወረደችው። ካልተጠየቀች አትሰጥም።

ወይዘሮ ጥሩብርሃንም ዐይናቸውን እንደጨፈኑ ነበሩ። እንደጨፈኑ ግራ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሳይዳብሱ፣ ሳይስቱ፣ ኪልቱን ከኤልፍነሽ ክንድ ላይ አነሱና ልጁን እስከ አገጩ ጠቀለሉት። ጉብታዎቹ ክንዳቸውን ቆንጥጠው ያዙ። ምንም አልተንሸራተተም። ሳዶቅ አንዱን ጉብታ በጡጫው ጨብጦ ዝም አለ።

«አሜን!» አለ ዐይኑን የጨፈነው አዳራሽ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ።

ፓስተሩ ጸሎቱን ገና አላጋመሱም ነበር።