አንድ ሰዓት ከሃያ

«የኮከቦቹ ብርሃን ከግጭቱ በፊትም ነበረ ይላሉ! ምን ማለታቸው ነው?» አልታዬ ላፕቶፑን ወደ ሱፍያን ገፋችው።

የላብራቶሪ ባለሙያው ሱፍያን አጎንብሶ አነበበ። ትናንት ቀትር ላይ፣ እጅግ ሩቅ የተጋጩ የሁለት ሙት ኮከቦች የስበት ሞገድ መሬት ደርሷል። የግጭቱን ብርሃን ለመፈለግ በየአገሩ ያሉ ቴሌስኮፖች ሰማዩን ተከፋፈሉት። የመካነ ሰላሟ የፊዚክስ መምህርት አልታዬ ስድስት ጋላክሲዎች ደረሷት፤ እንደመሸም በትንሿ ቴሌስኮፗ ባነሳችው ፎቶ፣ በአምስተኛው ጥግ ላይ፣ በቀድሞ ፎቶዎች ያልነበረች ነጥብ አገኘች። በአራት ዓመት የምልከታ ልፋቷ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። የፍለጋው አስተባባሪዎች ግን ፎቶው ከግጭቱ በፊት የተነሳ ነው ብለው ጋላክሲውን ከዝርዝራቸው ሰርዘውታል። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ዛሬ ወደዚያ አይዞሩም። ነጥቧ ደግሞ ቢበዛ በሦስት ቀን ትከስማለች፤ መካነ ሰላምን ከጠዋት ጀምሮ ደመና ውጧታል።

«ስንት ሰዓት ብለህ ነው የላክኸው?»

«አንድ ሰዓት ከሃያ።»

አልታዬ ራሷን ያዘች። «የማታውን? እነሱ እኮ የሚቆጥሩት በዓለም ሰዓት ነው! በእነሱ አንድ ከሃያ ማለት እኛ ጋ ገና ሳይነጋ ነው። በእነሱ አስራ ስድስት ከሃያ ነበር መባል ያለበት! ስንቴ ነገርኩህ? ገደልከኝ እኮ!»

ሱፍያን የምልከታ መዝገቡን አምጥቶ ፊቷ ዘረጋው። ትናንት መብራት ሄዶ የኮምፒውተሩ ሰዓት ሲዛባ፣ የእጅ ሰዓቷን አይታ የመዘገበችው ራሷ ናት። እሱ የእሷን ጽሑፍ ነው የገለበጠው። አልታዬ እፍረት አንገበገባት።

«በእጅ ሰዓት የሚመዘግብ ከቡድኑ ይሰረዛል ብለው አስጠንቅቀውናል» አለች። «እውነቱን ከነገርኳቸው አራት ዓመቴ ገደል ገባ። ዝም ካልኩ ደግሞ ብርሃኑ ማንም ሳያየው ይጠፋል።»

«በእኔ አሳብቢያ፣ ቲቸር። ረዳቴ አጠፋ፣ አባረርኩት በያቸው። እኔ እንደሁ የሪያድ ቪዛዬ ወጥቷል፤ በወሩ ሂያጅ ነኝ። ወላሂ አልቀየምሽም።»

«እንዴት እንዲህ አደርጋለሁ?»

«ጊዜ የለም እኮ! ጻፊ።»

«ረዳቴ ሰዓቱን…» ብላ ጀመረች። ሱፍያን ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

አልታዬ የጻፈችውን አጠፋች። ስልኳን አውጥታ፣ የእጅ ጽሑፏና ፊርማዋ በደንብ እንዲታዩ አድርጋ የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አነሳችና ከመልዕክቱ ጋር አያያዘችው።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱ የእኛ አገር የማታ አንድ ከሃያ ነው። እኔን ሰርዙኝ፤ ብርሃኑን ግን ዛሬውኑ እዩት» ብላ ላከችው።