ጊዜው ያለፈበት ስም

ጀሚል በሩን ግማሽ ከፍቶ ቀሪውን በሆዱ ዘጋው። ቤቱን ሲጋርድ ግን ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን አዲስ የሴት ጫማ ረስቶት ነበር። ሀናን አየችው። ሰፈሩ ሲያወራ ሰምታለች፤ ሚስቱ አሚና ከሞተች ገና ፍራሿ ሳይቀዘቅዝ ሌላ አስገብቷል ይባላል። ዛሬ ግን ለሐሜት አልመጣችም።

«ጋሽ ጀሚል፣ ዌብሳይቱ ጠፍቷል።»

«የቱ?»

«የሱቁ ነዋ! አረብ አገር ያሉት ልጆች በርበሬና ሽሮ የሚያዙበት።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ? ሱቁን ከነወንፊቱ ሸጬልሻለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አብረሽ አሚን ብለሻል።»

እውነቱን ነው። ሰኞ ገበያ ሰፈር ያለው የአሚና ባልትና ሲሸጥ ሽማግሌዎቹ መደርደሪያውን፣ ሚዛኑን፣ የተሰነጠቀውን መስታወት ሳይቀር እያሳዩ አስረክበዋታል። ዓይን የማያየውን ነገር ግን ማን አስቦ ያስረክባል? ሀናን ራሷ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ፣ ሐርቡ ላለችው እናቷ በርበሬ የምታዝላት በዚያው ዌብሳይት ነበር። ሱቁን የገዛችውም እሱን ተማምና ነው። ሰኞ ገበያ መጥታ የተዘጋጀ በርበሬ የምትገዛ ሴት ማን ናት? ሁሉም የራሷን ቀንጥሳ፣ የራሷን ታስፈጫለች። ያ ቤት የቆመው ከባሕር ማዶ በሚመጣ ትእዛዝ ነበር። እሱ ከቀረ፣ ሀናን የጅዳ ዕድሜዋን ከፍላ የገዛችው ባዶ ግድግዳ ነው።

ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግነው ካሊድ ነገሩን ፈታትቶ ነግሯታል። የዌብሳይት ስም እንደ ቤት ኪራይ በየዓመቱ ይከፈልበታል። ይከፍል የነበረው ሰው ትቶታል። ዛሬ ካልታደሰ ነገ ለማንም ክፍት ነው፤ የማያውቃት ነጋዴ የአሚናን ስም አንሥቶ የፈለገውን ይሸጥበታል። ማደስ የሚችለው ደግሞ ያስመዘገበው ሰው ብቻ ነው።

«ስሙ ጊዜው አልፎበታል አለኝ።»

«የሰው ስም ጊዜ ያልፍበታል እንዴ?» አለ ጀሚል። ከዚያ ዞር ብሎ የጓዳውን መጋረጃ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ያሠራችው ሀያት ናት። ልጃችን። ጅዳ ያለችው።»

«ቁጥሯን ይስጡኛ!»

«እኔ ጋ የለም።»

«የልጅዎ ቁጥር?»

ጀሚል ጢሙን አሻሸ። እየጎተተች ስታወጣው ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፤ አሚና ስትሞት ለሀያት አልተነገራትም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ሰው አገር፣ ሰው ቤት፣ ብቻዋን ላለች ልጅ። አገሯ ስትገባ ነው፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ዘመድ ከቧት። የአሚና ስልክ ግን ይህን ወግ አያውቅም፤ መጮኹን አላቆመም። ጀሚልም የሟች ልብስ ሬሳዋን ላጠበችው ሴት ሲሰጥ፣ ስልኩን በቀሚሷ ጠቅልሎ አብሮ ሰጠው። የራሱንም ቁጥር ቀየረ።

«እማ ዘይነባ ትባላለች። ኮምቦልቻ ነው ያለችው፤ ፋብሪካ ከምትሠራው ልጇ ጋር። ሂጂና በዚያ ስልክ ሀያትን አናግሪያት። ግን በአላህ፣ መርዶውን እንዳታወጪ! እኔው ሽማግሌ ይዤ እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ስትመጣ።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

ከጓዳ የሴት ሳል ተሰማ። ጀሚል በሩን ዘጋው።

ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሀናን ዓይኗን ጨፈነች። ገደሉን ፈርታ አልነበረም። ከጅዳ የተመለሰች ጊዜ ለአባቷ ወፍራም ካልሲ ይዛ ነበር፤ ብርድ አይወድም። ዘመዶቿ ደጋን ያለች አክስቷ ቤት አሳደሯትና፣ ሲነጋ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ገቡ። ለካስ ስንት ጁምዓ ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላምታ ስትልክ ኖራለች። ያን ቀን የደበቋትን ሁሉ ስም እየጠራች ረግማ ነበር። አሁን ደግሞ ልትደብቅ እየሄደች ነው። «ለዛሬ ብቻ» አለች በሆዷ።

እማ ዘይነባ የፋብሪካ ሠራተኞች ተደራርበው ከሚኖሩበት ግቢ፣ በር ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ሀናንን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«አንቺ ነሽ እንዴ የአሚናን ሱቅ የገዛሽው? በርበሬሽ ጨው በዝቶበታል አሉ።»

«እማ ዘይነባ፣ የመጣሁት ለስልኩ ነው። ሀያት ትደውላለች?»

«መደወልስ! በጁምዓ በጁምዓ። ‹እናቴስ?› ትላለች። ‹ሰላት ላይ ናት› እላታለሁ። ባለፈው ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እናቴ መላኢካ ሆነች እንዴ፣ ከሰላት የማትነሣው?›» ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰበረ። «በዚህ እጄ ነው ያጠብኳት። በዚሁ እጄ ስልኩን አንሥቼ እዋሻለሁ። ያ ሰውዬ የሰጠኝ ሰደቃ መስሎኝ! ሸክሙን ኖሯል ያሸከመኝ።»

ስልኩን ከትራሷ ሥር አወጣችው። ሀናን የሀያትን ስም ፈልጋ ደወለች። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሣ።

«እማዬ?»

«አይ… ሀናን እባላለሁ። ሱቁ ውስጥ የምሠራ ነኝ።» የመጀመሪያው ውሸት ቀለል ብሎ ወጣ። «ዌብሳይቱ ጠፍቶብን ነው፣ እህቴ። ዛሬ ካልታደሰ ስሙ ሊወሰድ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የተውኩት።»

«ለምን?»

«ለኔ ባትደውል ለሱቋ ብላ ትደውላለች ብዬ ነዋ! ምን አድርጌያት ነው? እኔ እሷን ብዬ አይደል ሰው ቤት የምኖረው?» ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች። «አሁኑኑ እከፍላለሁ። መክፈያውን ከፍቼ ይዤዋለሁ፣ መንካት ብቻ ነው የቀረኝ። እሷ አንዴ እሺ ትበለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ቃል።»

ሀናን ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች። እማ ዘይነባ ሁሉን ሰምታለች፤ ራሷን ወዘወዘች። እንዳትነግሪያት ማለቷ ይሁን እንዳትዋሺያት፣ አልታወቀም። ከግቢው ማዶ አንዲት ሴት ልጇን ትጣራለች። ሀናን ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። መዳፏን አነሣች። ጉሮሮዋን አጠበበች፤ ድምጿን እንደ አሮጊት አሻከረችው።

«እሺ፣ ልጄ።»

«ያ ረቢ!» አለች እማ ዘይነባ፣ ምስሩ ከጭኗ ላይ እየፈሰሰ።

በወዲያኛው ጫፍ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንዲት ሴት በአረብኛ ትቆጣለች፤ ሳህን ይጋጫል። የልጅቷ ድምፅ ሲመለስ ልመናው ሁሉ ጠፍቶበታል፤ ከማያውቁት ሰው መንገድ የሚጠይቅ ይመስላል።

«መቼ ነው የሞተችው?»

ሀናን ስልኩን ወደ እማ ዘይነባ ዘረጋችው። እማ ዘይነባ ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ሄሎ?» አለ ስልኩ፣ መሀላቸው ላይ። «ሄሎ? እህቴ፣ አለሽ?»